በይመር ክምር ሥር ስለተገኘችው ሴት

አያ ሲሳይ፣ ይህች ወረቀት ከመርሳ ተነሥታ ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ ከእጅዎ ስትገባ፣ ከሁሉ በፊት ጉልበትዎን ትሳምልኝ። እንዴት ከረሙ? ወገብዎን እንዴት አደረገዎ? ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው ወደቁ ሲሉኝ ልቤ ሳይረጋ ነው የሰነበተው። በዚህ ዕድሜዎ ዛፍ ላይ ምን ያስወጣዎታል? ልጆቹ ይውጡ እንጂ! እትዬ አልማዝስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ሔዋን እንዴት ናት? ከብቶቹስ? ማሩ ዘንድሮ እንዴት ነው? ዝናቡ ሳያሰልስ ይጥላል ያሉኝ አሁንም እንዳለ ነው? እኔ ኢሉባቦር ያላችሁትን ሳስብ ሁልጊዜ እርጥብ ልብስ ለብሳችሁ ነው የምትታዩኝ።

እኛ ደህና ነን። ግርማ ጎማውን ይጠግናል፣ ፌቨን ወልድያ ትምህርቷን ትማራለች፣ እኔም እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ሰው ሲመጣ ተነሥቼ እቀበላለሁ። ይህ ደህና መሆን ከሆነ ደህና ነን። ከዚህ ያለፈውን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

በስልክ ብነግርዎ በወደድኩ ነበር። ደውዬም ነበር። ግን ድምፅዎ አባታችንን እየመሰለኝ አፌ ይያዛል፤ ከዚያ ለቅሶው ይቀድመኛል፤ አንቱም «በይ ተይው፣ ሌላ ቀን» ይሉኛል። የምነግርዎ ነገር ደግሞ ተቆራርጦ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ አንቱ አይደሉ? ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ድርቁ መጣና ትምህርቱም አንቱም ባንድ ዓመት ተለያችሁኝ። አንቱን ሰፈራ ወሰደዎት፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልጻፍኩም። ዝግ እያልኩ ነው የምጽፈው። አንድ መስመር ጽፌ አነበዋለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ሐሳቤ ተምታቶብኛልና እንደ እጄ ዝግ ይል እንደሆነ ብዬ ነው።

ዓይንዎ ፊደሉን እንደ ድሮ ስለማይለይልዎ፣ ይህን የምታነብልዎ ሔዋን መሆኗን አውቃለሁ። እርሷ ከዚያው ተወልዳ አገሩን ስለማታውቅ፣ አንቱ የሚያውቁትንም ከሥሩ እነግራለሁና አይሰልቹብኝ።

ሔዋን ልጄ፣ ከግራና በላይ አንድ ጉብታ አለ፤ በጉብታው ላይ የድንጋይ ክምር አለ። የይመር ክምር እንለዋለን። አበጋዝ ይመር የአያታችን አባት ናቸው። ለመተማ ጦርነት ዘመቱ፣ አልተመለሱም ይባላል። ጋሻ ጃግሬያቸው በርኖሳቸውን ብቻ ይዞ መጣ። ዘመድ ተሰብስቦ በርኖሱን እንደ ሰው ገንዞ በጉብታው ላይ ቀበረና ድንጋይ ከመረበት። ከዚያ ወዲህ ከዘራችን ሩቅ አገር ሞቶ ሬሳው ያልገባ ሰው ቢኖር፣ ቤቱ ትቶት የሄደው ልብሱ ሳይታጠብ በክምሩ ግርጌ ይቀበራል። አጎታችን አበባው ናቅፋ ቀርተው ካፖርታቸው እዚያ ነው። ልብሱ ሳይገባ ተዝካር አይወጣም፣ እናትም ከል አታወልቅም። ልብሱን የሚያስገባው የዘሩ ታላቅ ነው፤ እርሱ ሩቅ ከሆነ ቃሉን ይልካል፣ ሌላ ሰው በስሙ ይናገረዋል። ዛሬ የዘሩ ታላቅ አባትሽ ናቸው። ይመር የሚል አባት ያላቸው ደግሞ ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም፤ እስላሞቹም ዘመዶቻችን ናቸው፣ ሼህ ኡበይደላ የአባትሽ የአጎት ልጅ ናቸው። ልብስ ሲገባ ሁሉም ይመጣል።

የኔን ኪሩቤል ታውቂያለሽ፣ ፎቶውን ልኬልሽ ነበር። በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ባሕር ሲሻገር ጀልባዋ ተገለበጠች ብሎ ሰለሞን መርዶውን አመጣልን። ሰለሞን ከኪሩቤል ጋር ከአባቱ ከግርማ ጎሚስታ ቤት ይሠራ የነበረ፣ አብሮትም የሄደ ጓደኛው ነው። እርሱ ተረፈና ተመለሰ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ከጎሚስታው በር ጀርባ የተሰቀለ አንድ ቱታ ነው ያለኝ። አባትሽም ሙት ዓመቱ ሲደርስ ቱታው ይግባ ብለው ለግርማ ቃል ሰጡት።

አያ ሲሳይ፣ እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀጥ ያለ ነበር። ያማል፣ ግን ቀጥ ያለ ነበር። አባቶቻችን ያደረጉትን አደርጋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ሌሎቹ እናቶች ከልቤን አውልቄ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ግን ለግራና ሰው የውኃ ታንከር ሊሠራ ነው፣ ቦታው ጉብታው ነው ተባለ። ውኃውን ማን ይጠላል? ሴቶቹ ከየት እየቀዱ እንደሚኖሩ ያውቃሉ። ክምሩ ግን መነሣት ግድ ሆነ። ሽማግሌዎቹ እንዲያው በዶማ አይነካም አሉ። ስለዚህ ናጅዋ የምትባል የቅርስ ባለሙያ መጣች። የግራና ልጅ ናት፣ አባቷ ጨው የሚነግዱ፤ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ደሴ ነው የምትሠራው። ድንጋዩን አንድ በአንድ አነሣለሁ፣ የእናንተን ልብሶች ለብቻ አስቀምጣለሁ፣ ሲያልቅ በመረጣችሁት ቦታ መልሰን እንከምራለን አለች። «በርኖሱን ግን አትጠብቁ፤ ጨርቅ በዚህ አፈር ይህን ያህል ዘመን አይቆይም» ብላም አስጠነቀቀች።

ያን ቀን እኔም ነበርኩ። የነፍስ አባቴ ቄስ ዮሐንስና ሼህ ኡበይደላ እንደ ልማዳቸው ይቀላለዱ ነበር። ቄስ ዮሐንስ «እንግዲህ የአበጋዙ አንድ ነገር ከተገኘ ፍትሐቱ የኔ ነው፤ ይሄን ሁሉ ዘመን የተጠራቀመ ሥራ ነው የሚጠብቀኝ» አሉ። ሼህ ኡበይደላም «አንተ ቄስ፣ በሰው አያት አትግባ። ይመር ብሎ ስም ይዞ ከኔ ጎን ሳይሰግድ የቀረ አለ?» አሉ። «ያንተው አያት ወልዴ አልነበሩም እንዴ?» አሉ ቄስ ዮሐንስ። «እሳቸውማ ሲሰለቻቸው ነው የተዉት» አሉና ሁላችንም ሳቅን። ከመርዶው ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ነው። ስቄም ደነገጥኩ።

ከዚያ እኔ መርሳ ተመለስኩ። ድንጋዩ ሲነሣ ሰነበተ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የባጃጅ ሹፌር ከግራና መጥቶ በራችን ላይ ቆመና «እማማ አሰለፈች፣ እልል በሉ እንጂ! አበጋዙ ለካ ቤታቸው ነበሩ!» አለኝ። አጥንት ተገኝቷል። ጨርቅ አይደለም፣ ቁራጭ አይደለም፣ ሰው። ሙሉ ሰው፣ እጅ እግሩ ተስተካክሎ፣ ከራስጌው ድንጋይ ተደርጎለት ተኝቷል።

አያ ሲሳይ፣ ያን ሰዓት የተሰማኝን እንዴት አድርጌ ልንገርዎ። ሌላው ሰው ስለ አበጋዙ ነው የተደሰተው። እኔ አበጋዙ ትዝም አላሉኝ። ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። አልተመለሱም ተብሎ ይህን ሁሉ ዘመን የተለቀሰላቸው ሰው ተመልሰው ከነበሩ፣ አባታችን አያታችን ሁሉ ተሳስተው ከነበሩ፣ ሰለሞን ያመጣው ወሬ እንዴት እውነት ሊሆን ግድ ይሆናል? ለተዝካሩ ጌሾ አስወቅጬ ነበር፣ ብቅሉም ደርቆ ነበር። ሁሉንም ጆንያ ውስጥ መልሼ አሰርኩት።

በማግሥቱ ሲሪንቃ ሄድኩ። ሰለሞን አሁን እዚያ መንገድ ዳር ቲማቲም ይሸጣል፤ ጎሚስታ ቤቱ አላስቀምጥ ብሎት ነው የተወው። ከሣጥኖቹ መካከል አስነሥቼ «ሰለሞን፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ በዓይንህ ያየኸውን ብቻ ንገረኝ» አልኩት።

«ጀልባዋ ተገለበጠች እማማ። እኔ ጀሪካን ይዤ ነው የተረፍኩት» አለኝ።

«እርሱን አየኸው?» አልኩት። «ድምፁን ሰማሁት» አለኝ። ምን ሲል እንደሰማው ጠየቅሁት። «እናቴ ሲል» አለኝ። አንገቱን ደፋና «ግን እማማ፣ እዚያ ውኃ ውስጥ እናቴ ያላለ ማን ነበር?» አለኝ።

ለቅሶ ቤት መጥቶ ሲያረዳን «ሲሰምጥ አይቼዋለሁ» ነበር ያለው፤ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ለምን እንዲያ እንዳለ ጠየቅሁት። እየተርበተበተ «ከዚህ የሄድነው ብዙ ነን። እናቶቹ አንድ በአንድ ይመጡብኛል። አላየሁም ስላቸው እንቅልፍ ያጣሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ደግመው ይጠይቁኛል። አየሁ ስላቸው አልቅሰው ይወጣላቸዋል። ስለዚህ አየሁ አልኩ» አለኝ። ልቆጣው አሰብኩ፣ አልቻልኩም። ፊቱ ያሳዝናል። ቲማቲም በፌስታል ሰጥቶኝ ገንዘቡን እምቢ አለ። ያንን ቲማቲም ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ልጅ የሞተበት ሰው ልሁን ያልሞተበት፣ አላወቅሁም።

ለግርማ ነገርኩት። ከመንገድ ዳር ጎማ እየፈታ ነበር፤ መፍቻውን ከእጁ ሳያኖር ሰማኝ። ሲጨርስ «አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ስንት ጊዜ ነው የምትገድዪብኝ? ሞተ ተባለ፣ አለቀስኩ። አሁን አለ ትዪኛለሽ። ነገ ደግሞ ሞተ ልትዪኝ ነው። እኔ ሁለተኛ አልቅሼ የምነሣበት ጉልበት የለኝም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለዚህ ነገር አይወራም። ከኪሩቤል በቀር ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን። እርሱም ትክክል ነው፣ እኔም ትክክል ነኝ፤ ሁለታችንም ትክክል ሆነን እንዴት እንዲህ እንደተኳረፍን አይገባኝም።

ጥቂት ቆይቶ ናጅዋ ራሷ ቤቴ መጣች። ወሬው ከመድረሱ በፊት ልንገርሽ ብላ ነው፤ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። ውኃ ብቻ ጠጣች። «እማማ፣ አበጋዙ አይደሉም። ሴት ናት» አለችኝ።

እንዴት አወቅሽ አልኳት። ከዳሌዋ አጥንት ይታወቃል አለች። ያረጀች ሴት ናት። ጥርሶቿ ከወደቁ ቆይተዋል፣ መንጋጋዋ ገጥሟል። ቀኝ እግሯ ባንድ ወቅት ተሰብሮ ድኗል፤ ስታነክስ ሳትኖር አልቀረችም። አንገቷ ላይ ትንንሽ ዶቃ ነበራት። በደንብ ነው የተቀበረችው፤ የሚወዳት ሰው ነው የቀበራት የሚመስለው አለችኝ። ዘመኗ መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁ። «ገና ነው፤ ናሙና ተልኳል። ከመተማ በፊት ልትሆን ትችላለች፣ በኋላም ልትሆን ትችላለች» አለች። እንግዲህ በፊት ከሆነች ክምሩ መጀመሪያውኑ የይመር አልነበረም ማለት ነው። በኋላ ከሆነች ደግሞ እዚያ ማን አስተኛት? በርኖሱስ? «በርኖሱ ነበረ ብዬ አልናገርም፤ አልነበረም ብዬም አልናገርም። ጨርቅ አይቆይም ብያችኋለሁ። ያላገኘሁትን ነገር የለም ማለት አልችልም» አለች።

አንድ ነገር ደግሞ ጠየቅኋት። «ወልዳ ታውቃለች?» አልኳት። ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። «ይህን አጥንት በእርግጠኝነት አይነግረኝም እማማ» አለችኝ።

አያ ሲሳይ፣ እኔ አንድ የተማረ ሰው መጥቶ ትክክለኛውን ሲነግረኝ ነገሩ የሚጠራልኝ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ሲጠራ ሌላው ደፈረሰ። አበጋዙ ተመልሰዋል ብዬ የያዝኩት ተስፋ ከእጄ ወጣ። ግን የቀድሞውም ተረክ አልተመለሰልኝም። አልተመለሱም የሚለው በምን ይታወቃል? በክምሩ ነበር የሚታወቀው። ክምሩ ውስጥ ደግሞ ስሟን ማንም የማያውቃት አሮጊት ተኝታለች። ከአባታችን አፍ ስለ አንዲት ሴት ሰምተው ያውቃሉ? እኔ ያለ አበጋዙና ያለ በርኖሱ ምንም ሰምቼ አላውቅም። አንቱ ታላቅ ነዎት፣ ከኔ ይልቅ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠዋል። የምታነክስ ሴት፣ ዶቃ ያላት፣ ምንም፣ አንድ ቃል እንኳ ካለ ይንገሩኝ።

አሁን የምነግርዎ ነገር ያስቅዎት ይሆናል፣ እኔን ግን አስፈርቶኛል። ናጅዋ ከሄደች በኋላ ግራና ወጥቼ ከጉብታው ሥር ከሴቶቹ ጋር ቆመን ስናወራ «ምናልባት የአበጋዙ እናት ትሆን ይሆን?» አልኩ። እንዲያው ከአፌ ወጣ። የራሴን ነገር እያሰብኩ ነበር። ይህን ብቻ ነው ያልኩት፣ ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

በሳምንቱ ግራና ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ቆሜ፣ የማላውቃት ሻጭ «ሰማሽ ወይ እህቴ? ከክምሩ የተገኙት የአበጋዙ እናት ናቸው አሉ። በርኖሱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ነው የተገኙት። ልጄ ሳይመጣ እህል አልቀምስም ብለው ጾማቸውን ሞቱ» አለችኝ። ማን ነገረሽ አልኳት። «የዘሩ ሴት ናት የተናገረችው። ከእናቷ፣ እናቷም ከአያቷ የሰማችው ነው አሉ» አለችኝ። የዘሩ ሴት እኔ ነኝ! እናታችንም እንዲህ ያለ ነገር ነግራኝ አታውቅም። ሽንኩርቱን ሳልመርጥ ይዤ ሄድኩ። የገረመኝ ግን ይህ አይደለም። የገረመኝ፣ ሴትየዋ ስታወራልኝ ዓይኔ እንባ መሙላቱ ነው፤ እኔው ራሴ የጀመርኩትን ወሬ ልክ ነው ብዬ ላምነው ምንም አልቀረኝም። ማታ ለፌቨን ስደውልላት «የአበጋዙ እናት» ብዬ ልጀምር ስል ነው የነቃሁት።

እንግዲህ ያባቶቻችንም ነገር እንዲህ ተጀምሮ ይሆን? ጋሻ ጃግሬው በርኖስ ይዞ ሲመጣ አንዲት እናት ወይ አንዲት ሚስት ጠየቀችው። እርሱ እንደ ሰለሞን ጭንቅ ብሎት አንድ ቃል ተናገረ። ከዚያ እኛ ድረስ መጣ። ደግሞ ተመልሼ፣ አይ፣ ይህም ያው ወሬ መፍጠር ነው፣ እኔ ጋሻ ጃግሬውን የት አውቀዋለሁ እላለሁ። እውነት የነበረ ቢሆንስ? ይህን ያህል ሰው ያለ ምንም ነገር ልብሱን እዚያ አይቀብርም። የአጎታችን የአበባው ካፖርት ሲገባ እናታቸው ያንን ቀን እንዴት እንደተነሡ አንቱም አይተዋል። ማልቀሱ እውነት ነበር፣ መጽናናቱ እውነት ነበር። ሥሩ ላይ ያለው ነገር ብቻ ነው እውነት መሆኑ የጠፋኝ። ለዚህ ለዚህ ጭንቅላት የለኝም፣ አንቱ ይድረሱልኝ።

የዘሩ ወንዶች ተሰብስበው ነበር። አንዳንዶቹ «ይህች ልጅ ዝም ትበል፤ የአበጋዙ ክምር ሴት ተገኘበት ከተባለ የአገር መሳቂያ መሆናችን ነው። አጥንቱን መልሰን አበጋዙ ናቸው እንበል» አሉ። ናጅዋ ሳትቆጣ «እናንተ የሰማችሁትን እጽፋለሁ፣ እኔ ያገኘሁትንም እጽፋለሁ፤ አንዱን ባንዱ አልሰርዝም» አለቻቸው። ሼህ ኡበይደላ ጢማቸውን ይዘው ቆዩና «ወላሂ፣ አንዲት አሮጊት ይህን ሁሉ ዘመን የኛን ሰላምታና የኛን ድንጋይ ስትቀበል ኖራ፣ ዛሬ ሴት ነሽ ብለን እናፍርባታለን?» አሉ። ቄስ ዮሐንስም አጥንቱ በክብር ከጉብታው ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ፣ ድንጋዩም እዚያው እንዲከመር ተናገሩ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ሊጸልዩላት ተስማሙ፣ የማን እንደሆነች አይታወቅምና። ቀኑም የኪሩቤል ሙት ዓመት ሆነ። ያን ዕለት ቱታውም ይግባ አሉ።

ከዚያ ሼህ ኡበይደላ ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ እህቴ? የሚገባው የልጅሽ ልብስ ነው» አሉኝ። ሁሉም አየኝ። «አያ ሲሳይን ልጠይቅ» አልኩ።

ይኸው እየጠየቅሁ ነው።

ለራሴ እንዲህ ብዬ ነበር፦ እምቢ ልበል፣ ቱታው ባለበት ይኑር፣ ልጄ እስኪመጣ ልጠብቅ። ግን ግርማን አየዋለሁ። ማልቀስ አለበት። አልቅሶ መጨረስ አለበት። ተንጠልጥሎ መኖር እርሱን ይገድለዋል። ቄስ ዮሐንስንም ጠየቅኋቸው፤ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት ቢደረግበት ምን ይሆናል ብዬ። «ልጄ፣ ጸሎት ሰው ላይ ወድቆ አይሰብረውም» አሉኝ። ስለዚህ ቱታው ይግባ እላለሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ቆሞብኝ ነበር፣ ግን ጻፍኩት። ይግባ።

የምለምንዎ ስለ ቃሉ ነው። ታላቁ ልብሱን ሲያስገባ «ይመር አልተመለሰም፤ አንተም አልተመለስክም፤ ከይመር ጋር እረፍ» ይል የለም? አያ ሲሳይ፣ ይመር አለመመለሳቸውን አናውቅም። እዚያ ማረፋቸውንም አናውቅም። ልጄም አልተመለስክም የሚባልበትን ነገር ያየ ሰው የለም፤ የሰማ እንጂ ያየ የለም። እኔ በዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ ይህን ቃል ስሰማ «ማን አየ?» ብዬ የምጮህ ይመስለኛል፤ ግርማንም ሰውንም አዋርዳለሁ።

እንግዲህ ቃሉን ሲልኩ እንዲህ ይበሉልኝ፦ «ኪሩቤል፣ የግርማና የአሰለፈች ልጅ። ከመርሳ ወጣ። ልብሱ ይኸውና።» በዚህ ይብቃ። ይህን ያህሉን አውቃለሁ። ይህን ያህሉን ናጅዋም ብትመጣ፣ ሰለሞንም ቢመጣ፣ ማንም አይነቅልብኝም። ልማድ አፈረሰች የሚሉኝ ይኖራሉ። ምናልባትም አፍርሻለሁ፣ እኔ ምን አውቄ። ግን ያለ አንቱ ቃሉን የሚለውጠው ሰው የለም። የማይሆን ከሆነም አይሆንም ይበሉኝ፤ የአባታችንን ቃል እንዳለ ይላኩት፣ ጥርሴን ነክሼ እሰማዋለሁ። ብቻ ከሙት ዓመቱ በፊት ይድረሰኝ። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፤ ወረቀቱን ለሚመጣ ሹፌር ይስጡት፣ በመርሳ የግርማ ጎሚስታ ቢባል የማያውቀው የለም።

እትዬ አልማዝን ሁለቱንም ዓይናቸውን ይሳሙልኝ፤ ጠበሉ ከዚህ የሚላክ ከሆነ እልካለሁ ይበሉልኝ። ወንዶቹን ልጆች አባታችሁን ዛፍ ላይ የሚያወጣ ከእናንተ ማነው ብላ አክስታችሁ ተቆጥታለች ይበሏቸው። የጎረቤት ወሎዬዎቹን፣ አብረውዎት በ77 የሄዱትን ሁሉ፣ በሕይወት ያሉትን በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። ግርማ እጅ ነስቷል፤ ደብዳቤ እንደምጽፍ ያውቃል፣ ምን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም። ፌቨን አጎቴን ሳላየው እንዳልቀር ብላለች። ሼህ ኡበይደላ «ያ የአጎቴ ልጅ ማር ብቻውን በልቶ እንዳይታመም» ብለዋል።

ሔዋን ልጄ፣ ይህን ለአባትሽ ስታነቢላቸው አትቸኩዪ። የመለሱልሽን እንደመለሱልሽ ጻፊልኝ። እኔ ደስ እንዲለኝ ብለሽ ከራስሽ አንዲት ቃል አትጨምሪበት። ዝም ካሉም፣ ዝም አሉ ብለሽ ጻፊልኝ።

እህትዎ አሰለፈች
መርሳ፣ ሀብሩ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.